ሳይለቁኝ የለቀቅኩት ሥራ

እንግሊዝኛ ላይ ቂም አለኝ። በሙሉው ላይ አይደለም፤ ረጃጅሞቹ ቃላት ምንም አላደረጉኝም። «ኢንሹራንስ»ን፣ «አፓርትመንት»ን፣ «ሪስፖንሲቢሊቲ»ን እንኳ ከሩቅ ሲመጡ አይቼ ተዘጋጅቼ ነው የምጠብቃቸው። ጉድ የሠራኝ በሁለት ፊደል የሚጻፍ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው፣ «ጎ» የሚሉት ግስ ነው። «ጎ ማለት ሂድ ማለት ነው» ብለው ያስተማሩኝ ደሴ የነበሩ የእንግሊዝኛ መምህሬ ናቸው። ካሉ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ግን ዋሽተውኛል።

ዳላስ የሚኖር ሐበሻ መቼም ግስ ቸግሮት አያውቅም። «አደረገ» የምትለዋን አጥብቆ ከያዘ ሌላውን ከፈረንጅ ይበደራል። ፓርክ ያደርጋል፣ ኮል ያደርጋል፣ ሪተርን ያደርጋል፣ ሲደክመው ሪላክስ ያደርጋል። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ስኖር፣ ይቺ «ጎ» ብቻ አልደረግም አለችኝ።

መጀመሪያ በመጣሁ ሰሞን አንድ በርገር ቤት ገባሁ። ሂሳብ የምትቀበለዋ ልጅ «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» አለችኝ። እዚህ ልትኖር ነው የመጣኸው ወይስ ልትሄድ ነው ያለችኝ መሰለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና ደነገጥኩ። ማን ልኳት ይሆን ብዬ ዞር ዞር ብዬ ካየሁ በኋላ «አላህ ካለ እዚሁ ነኝ» አልኳት በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ። ለካ እዚህ ትበላለህ ወይስ ይዘህ ትሄዳለህ ማለቷ ነበር፤ በርገሩን ትሪ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። መንገድ ላይ እየሄድኩ ልበላው የነበረውን፣ እንዳትጠረጥረኝ ብዬ ቁጭ ብዬ፣ ፈገግ እያልኩ በላሁት።

ቆይቼ ኧርቪንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ሥራ አገኘሁ። ሻትል ነው የምነዳው፤ እንግዶችን ከተርሚናል አመጣለሁ፣ ወደ ተርሚናል እመልሳለሁ። አንድ ቀን ሠራተኞች የሚያርፉባት ክፍል ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ እየሮጠች መጥታ «አላርሙ ዌንት ኦፍ» ብላኝ አለፈች። «ዌንት» የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። «ኦፍ» ደግሞ መብራትም ቢሆን ቴሌቪዥንም ቢሆን ጠፋ ማለት ነው። አላርሙ ጠፋ ማለት ነዋ። እውነት ነው፣ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይሰማል፤ ግን ጠፋ ከተባለ ይሄ ሌላ ጩኸት መሆን አለበት ብዬ ሻዬን ፉት አልኩ። ለካ አላርሙ ጮኸ ማለቷ ኖሯል፤ ሆቴሉ በሙሉ ወጥቶ ፓርኪንግ ላይ ሲቆጠር የጎደልኩት እኔ ነበርኩ። ተመልሳ ገብታ ክንዴን ይዛ ያወጣችኝ ሚስ ዳርሊን ናት።

ሚስ ዳርሊን ሥራ አስኪያጃችን ነበረች። እዚሁ ቴክሳስ ተወልዳ ያደገች፣ ነጭ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ የምታበጥር፣ ቃሉን ጎተት እያደረገች የምታወራ ሴት ናት። የምትወደውን ሰው ሁሉ «ሀን» ትለዋለች። ማር ከሚለው ቃላቸው ተቆርጣ የወጣች ናት፤ እኛ «ማሬ» እንደምንለው። ባለቤቴ ለይላ ይሄን ስትሰማ መጀመሪያ ወገቧን ይዛ ነበር። በኋላ ሚስ ዳርሊንን በአካል ስታገኛት፣ እሷንም «ሀን» ብላ እቅፍ ስታደርጋት ነገሩ በረደ።

የወደደችኝም በዚሁ በ«ጎ» ምክንያት ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ኮሪደር ላይ አግኝቻት «አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኳት። «ጎ አሄድ» አለችኝ። ቀድመህ ሂድ ማለቷ ነው ብዬ ቀደምኳት። ኮሪደሩን ጨርሼ፣ ጥግ ላይ ደርሼ፣ ዞሬ ባይ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። ለካ ጠይቀኝ ማለቷ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ መጥታ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝና ቃሉን አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ «ጎ» ባገኘሁ ቁጥር ለእሷ ነበር የምወስድላት። ያላሳየኋት አንዷን ብቻ ነው። ያቺው ናት የበላችኝ።

ያቺን አንዷን ያመጣብኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ነው፤ ሪቻርድሰን ከተማ የኔትወርክ ዕቃ በሚገጣጠምበት አንድ ድርጅት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደወለልኝ።

«ሌት ጎ አደረጉኝ» አለኝ።

«በዚህ ሰዓት?»

«አሁን ነው የነገሩኝ።»

«ታድለህ። የኛ ሆቴል እንኳን በረፋድ፣ ሰዓቴ ሞልቶም አይለቀኝ። ሶ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ና በቃ ምሳ እንብላ።»



«ምነው ሁልጊዜ እንዲህ ባደረጉህ» አልኩት ጨምሬ።

አሚን አላለኝም። ስልኩን ዘጋው። ቤት ስገባ ለይላ ከሰይድ ሚስት ሰምታ ጠበቀችኝ። «ሰውየው ተባሮ ነው ታድለህ ያልከው?» አለችኝ። የዚያን ለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። አማርኛ ሲያባርር ያባርራል። «አባረሩኝ» ያለ ሰው ሲሮጥ ይታይሃል፣ አቧራው ይሸትሃል፣ ማዘን እንዳለብህ ትረዳለህ። እንግሊዝኛ ግን «እንድትሄድ ፈቀድንልህ» ይልሃል። አንተ ልሂድ ልሂድ እያልክ ስትለምን እነሱ እጅህን ይዘው አስቸግረውህ የቆዩ ይመስል። ሰይድ ቤት ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። ጭራሽ እሱ ያጽናናኝ ጀመር፤ «አይዞህ፣ ቃሉ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» እያለ። ከዚያች ቀን በኋላ «ሌት ጎ» ሁለተኛ እንደማትሸውደኝ ለራሴ ማልኩ። ከነመሐላዬም ቆየሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው ጣሪያ እየደበደበ ተርሚናል ልጠጋ ስል የሻትሉን የቀኝ ስፖኪዮ ከምሰሶ ጋር አጋጨሁት። ስፖኪዮው በሽቦው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሆቴል ስደርስ ሚስ ዳርሊን ወጥታለች። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ሻትሉን አቁሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ነገ ለካ የዕረፍት ቀኔ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ ጠዋት ልደውል ስል ራሷ ደወለች።

ስለ ስፖኪዮው አትጨነቅ፣ ዕቃ ነው፣ ይሠራል አለችኝ። እፎይ አልኩ። ቀጠለችና «ለይላስ፣ ጉልበቷ ተሻላት?» አለችኝ። ደህና ናት አልኩ። «ሀያትስ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» ሀያት ልጄ ናት፤ ሃይስኩል ልትጨርስ ነው። እሷም ደህና ናት አልኩ። «አንተስ ቁጭ ብለህ እያረፍክ ነው?»

እዚህ ላይ ልቤ መምታት ጀመረ። እኛ ዘንድ ሰው ስለ ዕቃ ደውሎ ቤተሰብህን አንድ በአንድ መጠየቅ ከጀመረ ነገር አለ። መርዶ ነጋሪ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ልጁን ጠይቆ፣ ዝናቡን አንስቶ፣ ቁጭ ማለትህን አይቶ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ስልኩን ይዤ ወደ ሶፋው ተጠጋሁ።

«ኦል ራይት ሀን» አለች ሚስ ዳርሊን፣ ያንን ድምጿን እየጎተተች፣ «አይም ጎና ሌት ዩ ጎ። ቴክ ኬር ናው።»

«ታንክ ዩ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ስልኩ ሲዘጋ ለይላ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ሥራዬ» አልኳት።

«ለስፖኪዮ?»

«ለስፖኪዮ።»

«እንዲህ የምታደርግ ሴት አትመስለኝም። በደንብ ሰምተሃታል? እስቲ መልሰህ ደውልላት።»

ይቺን ምክር ያኔ ብሰማት ኖሮ ዛሬ እናንተን ባላደከምኩ። ግን ተናደድኩባት። ሰይድ ፊት ያዋረደችኝን ቃል እኔ ነኝ የማላውቃት? ደግሞስ ነገ ጠዋት የሚያገኘውን ሰው «ራስህን ጠብቅ» ብሎ የሚሰናበት ማን ነው? አልለምናትም አልኩ። ሰው ልክ ነኝ ብሎ ሲነሳ እንዴት እንደሚደነቁር አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ሰይድ ወሬውን እንደሰማ ሚስቱ የሠራችውን ሩዝ በድስቱ ይዞ ከች አለ። ራሱ ሥራ ፈትቶ እኔን ሊያስተዛዝን መምጣቱ ልቤን ነካው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንደ አዋቂ ራሱን ነቀነቀ።

«ቤተሰብህን ጠየቁህ?» አለኝ።

«ጠየቀችኝ።»

«ቴክ ኬር አለች?»

«አለች።»

«በቃ አለቀ። እኔንም እንደዚሁ ነው። ወላሂ፣ እኔ ዝም ብዬ መውጣቴ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። አንተ ያለብህን ንገራት። ቴክስት አድርግላት።»

ሁለታችን ተጋግዘን ጻፍነው። በሌላ ነገር ተጋግዘን እንዲህ ያማረ እንግሊዝኛ ጽፈን አናውቅም። የሚስቴን ጉልበት እየጠየቅሽ በዚያው አፍሽ ትለቂኛለሽ ወይ፣ እንደ ታላቅ እህቴ ነበር የማይሽ፣ ልብሽ ግን ሌላ ኖሯል አልኳት። ሰይድ «መጨረሻው ሳሳ» ቢለኝ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ከእንግዲህ «ሀን» እንዳትዪኝ፤ አፍሽ ላይ ውሸት ነው። ላክሁት።

«በል አሁን ብሎክ አድርጋት፣ በመልሷ እንዳታበሳጭህ» አለ ሰይድ። አደረግኋት።

ዩኒፎርሜን ለይላ ተኮሰችው። ስሜ የተጻፈበትን ባጅ ላዩ ላይ አስቀምጬ በፌስታል ወስጄ እንግዳ መቀበያው ላይ ላለችው ልጅ ሰጠኋት። ቴክስቱን አንብባ ይሆናል ብዬ ሚስ ዳርሊን ቢሮ በኩል ቀና ብዬም አላየሁ። ልጅቷ ፌስታሉን ተቀብላ «ኦኬ፣ ሲ ዩ ቱሞሮ» አለችኝ። ምስኪን፣ ገና አልሰማችም ብዬ አዘንኩላት።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ መበደል ደስ ይላል። ቀጥለው የመጡትን ቀናት ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ የሚያጽናናኝን ሰው ስልክ ሳነሳ ዋልኩ። ወሬው ከዳላስ ወዲያ ያለችው ፍሪስኮ ደረሰ፤ በስም እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች «ለስፖኪዮ?» እያሉ ከንፈር መጠጡልኝ። ታሪኩን በነገርኩት ቁጥር ስፖኪዮው እያነሰ፣ ሚስ ዳርሊን እየከፋች ሄደች። ለይላ ብቻ ወጥ ቤት ሆና ዝም አለች። የሷ ዝምታ ደስ አይለኝም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሀያት ፍሪስኮ አክስቷ ቤት ነበረች። ተመልሳ ስትመጣ በሩ ላይ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ያዘችኝ።

«አባ፣ አክስቴ ነገረኝ። ሶ፣ እሷ ምን አለ? ኤግዛክትሊ?»

እዚህ ያደገች ናትና አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል። የተባለውን አንድም ቃል ሳልጥል፣ አጎታተቱን ሳይቀር አስመስዬ ነገርኳት። ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባ፣ ስልክ ላይ ነው የተባለው?»

«ስልክ ላይ።»

«አባ፣ ስልክ ላይ ሌት ዩ ጎ ማለት፣ ማለቴ፣ አንተን ቢዚ አላደርግህም፣ በቃ ልዝጋው ማለት ነው። ቻው ማለት ነው።»

«ቻው?»

«ቻው።»

«ቴክ ኬርስ?»

«እሱም ቻው።»

«አንድ ሰው ስንቴ ነው ቻው የሚለው?»

ለይላ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተስ ከሰይድ ጋር ስታወራ? እሺ በቃ፣ እሺ ሰላም በልልኝ፣ እሺ እሺ፣ ቻው፣ እሺ ቻው ቻው» አለችና ተመልሳ ገባች።

ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ። ሀይዌዩ ላይ እየነዳሁ የጻፍኩት ቴክስት በየመስመሩ እየመጣ ይወጋኝ ጀመር። ያቺ የመጨረሻዋ ስትመጣማ ጮክ ብዬ ለብቻዬ «አይ» አልኩ።

ሆቴሉ ስደርስ ሻትሉ በሩ ላይ ቆሟል። ስፖኪዮው በግራጫ ፕላስተር ተጠቅልሎ ታስሯል። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ የሰጠኋትን ፌስታል ከጠረጴዛው ሥር አሳየችኝ፤ ላውንደሪ መስሏት አስቀምጣው ነበር። በነዚህ ጠዋቶች ሻትሉን ማን ነዳው ብዬ ጠየቅኳት። ሌላ ማን አለ አለችኝ፤ ሚስ ዳርሊን ራሷ ናት፣ ያውም ወገቧን እያመማት።

ቢሮዋ ገባሁ። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፣ መቀመጥ አቅቷት። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ሰይድን፣ መሐላዬን፣ መርዶ ነጋሪውን፣ ልጄ ያለችኝን። መሐል ላይ ፊቷ ፈታ እያለ መጣ። ስጨርስ እጇን ዘረጋች።

«ኦ፣ ሀ...» ብላ ጀመረችና አቆመች። ቃሉን ከአፏ ላይ መለሰችው። እጇንም ሰበሰበችው።

«ኦ፣ ሰር» አለችኝ።

እንግሊዝኛ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ቃል ሰምቻለሁ። እንደ «ሰር» ያመመኝ ግን የለም።

ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ። መጀመሪያ ባልመጣሁበት ጠዋት ሰው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እሷ ደርሳ ቁልፉን እስክታነሳ አውሮፕላን ያመለጣቸው ነበሩ፤ እነሱም ለሆቴሉ ባለቤቶች አቤት አሉ። ባለቤቶቹ ሳይናገር የቀረ ሠራተኛ አይመለስም አሉ። ታሞ ይሆናል ብላ ተከራክራለች፤ ቴክስቱን ካነበበች በኋላም ተከራክራለች። ብትደውል ብትደውል ስልኬ አልነሳላትም።

«ከእጄ ወጥቷል» አለችኝ። «አይ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ።»

«ሚስ ዳርሊን፣ የትኛው ነው?» አልኳት።

ልትስቅ አፏን ከፈተችና ሳቁ አልመጣ አላት። ዓይኗን ጠረገች። «መጥፎው» አለችኝ።

አንድ ነገር ልበልሽ አልኳት። «ጎ አሄድ» አለችኝ። ምነው ያንን ቃል ባላስተማረችኝ፤ ያኔ እንደነበርኩት ሆኜ ኮሪደሩን ይዤ ቀድሜያት በሄድኩና ከኋላዬ በሳቀች። ግን ገብቶኛል። ቆምኩ። ስንት ነገር ላወራ መጥቼ «ሶሪ» ብቻ ነው የወጣኝ።

አሁን በራሴ መኪና ከኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። ሰይድ ፍሪስኮ ጥሩ ሥራ አገኘ፤ ስለዚያች ቴክስት ሲነሳ ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ መስኮት ያያል። ሚስ ዳርሊንን ከብሎኩ ያወጣኋት የዚያኑ ዕለት ነው፤ ስሟን ስልኬ ላይ እያየሁ መደወል ግን ከበደኝ።

ባለፈው ሰሞን ተርሚናል ጋ ቆሜ ሰው ስጠብቅ ራሷ ደወለች። የለይላን ጉልበት ልጠይቅ ብዬ ነው አለችኝ። ደህና ናት አልኩ። ሀያትስ አለች፤ ደህና ናት አልኩ። ልቤ አልመታም፤ ቤተሰብ መጠየቋ ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለ በረዶው፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ አዲሱ ስፖኪዮ አወራን። ከዚያ ወሬው አለቀ።

«ዌል» አለች። ዕድሜ ልኳን ስልክ የዘጋችበትን ቃል ለኔ ልትለው ፈርታ ሌላ እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። ትንፋሿ ይሰማኛል። እኔ ያስረሳኋትን እኔው ላቀብላት ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሚስ ዳርሊን» አልኳት፣ «አይም ጎና ሌት ዩ ጎ።»

ሳቀች፤ ያንን የኮሪደሩን ሳቅ ግን አይደለም። «ኦል ራይት» አለች። «ቴክ ኬር ናው።»

ቻው ማለት ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁትም፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ትመጣ ነበር፣ ማር ከሚለው የተቆረጠችው፣ እሷን እየጠበቅኩ ነው። መስመሩ ቲት አለና ተዘጋ።